ዴቨሎፐር ቤት ውስጥ መቀመም፦ ሜቶል፣ ቫይታሚን ሲ ወይስ ቡና?

ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ጨለማ ክፍሌ ጠዋት 14 ዲግሪ ነው። ባሕር ዳር ያለው ጓደኛዬ ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ በ28 ዲግሪ ያትማል። ሁለታችንም የምንቀምመው አንድ ዓይነት ዴቨሎፐር ነበር፣ በፎቶ ወረቀት ላይ ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ ማለት ነው፤ ከአንድ ወረቀት የተገለበጠ፣ ግራሙ እንኳ ያልተዛነፈ። የእኔ ፎቶ ግን አመድ የነፋበት ይመስል ግራጫ ሆኖ ይወጣል። የእሱ ደግሞ ሳህኑን ገና ከመንካቱ ይጠቁርበታል። አንድ ዓመት ሙሉ የፎቶ ወረቀቱን ስንወቅስ ከረምን። ወረቀቱ ምንም አላደረገም።

ስለዚህ «የትኛው ቀመር ይሻላል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ እኔው ሦስት ጥያቄ አለኝ። የምታትሙበት ክፍል ስንት ዲግሪ ነው? በወር ስንት ቀን ታትማላችሁ? በቀላሉ የምታገኙት ዱቄት የትኛው ነው? የእነዚህ መልስ ከታወቀ ቀመሩ ራሱ ብቅ ይላል። ብዙ ሰው ከሌላ አቅጣጫ ይጀምራል፤ ይኼኛው ጥቁሩ ይጠልቃል፣ ያኛው ትንሽ ይሞቃል በሚለው። እውነት ነው፣ ልዩነት አለ። ግን በደንብ የተቀመመ፣ ትክክለኛ ሙቀት ላይ ያለ፣ ጊዜው ያልተቆረጠበት ዴቨሎፐር ሁሉ ደህና ፎቶ ይሰጣል፤ ዲ-72 በሚባለው የሜቶልና የሃይድሮኪኖን ቀመር የወጣውንና በቫይታሚን ሲ የወጣውን ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት እኔ ራሴ ጀርባውን አገላብጬ የጻፍኩትን ማየት አለብኝ።

ለምን ቤት ውስጥ እንቀምማለን? የታሸገ ዴቨሎፐር እዚህ ጎጃም ውስጥ ሱቅ ገብተን የምንገዛው ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ካለ ሰው ወይም ከውጭ ከሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው የሚመጣው። ፈሳሹ ከባድ ነው፤ ከተከፈተ ደግሞ ይበላሻል። ደረቅ ዱቄት ግን ቀላል ነው፣ በደረቅ ቦታ ለዓመታት ይቀመጣል። ምስሉን ከሚያወጡት ዱቄቶች አንዱ የሆነውን ሜቶልን 100 ግራም ብታስመጡ 33 ሊትር ወፍራም፣ ማለትም ሲታተም በውሃ የሚቀጥን፣ ዴቨሎፐር ይወጣዋል፤ ያ ለአንድ ሰው የብዙ ዓመት ስንቅ ነው።

ሳህኑ ውስጥ ምን አለ

የወረቀት ዴቨሎፐር አራት ሥራ የሚሠሩ ነገሮች ድብልቅ ነው። አንደኛው ምስሉን የሚያወጣው ነው፤ ብርሃን የነካውን የብር ጨው ወደ ብር ይለውጠዋል፣ ፎቶ ላይ ጥቁር ሆኖ የምናየው ያንን ብር ነው። ሜቶል፣ ሃይድሮኪኖን፣ ፌኒዶን፣ ቫይታሚን ሲ፣ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይክ አሲድ፣ ሁሉም ሥራቸው ይኸው ነው። ሁለተኛው ሶዳ ነው፣ ሶዲየም ካርቦኔት። እሱ ከሌለ አንደኛው ቶሎ አይነቃም። ሦስተኛው ሶዲየም ሰልፋይት ነው፤ ውህዱ በአየር ቶሎ እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል። አራተኛው ፖታሲየም ብሮማይድ፣ ብርሃን ያልነካው የወረቀቱ ክፍል ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚያግዘው ነው።

ሜቶልና ሃይድሮኪኖን ለምን ሁልጊዜ አብረው እንደሚጠሩ ለመረዳት ወንፈልን አስቡ። ለየብቻቸውም ይሠራሉ፤ ሜቶል ቶሎ ይጀምራል ግን ለስላሳ ነው፣ ሃይድሮኪኖን ጠንካራ ጥቁር ያወጣል ግን ለመነሳት ይዘገያል። ሲገናኙ ሜቶል ከፊት ሆኖ ሥራውን ይጀምራል፣ ሲደክም ሃይድሮኪኖን ያበረታዋል፣ እሱም ተመልሶ ወደ ሥራው ይገባል። ሁለቱ አብረው የሚሠሩት ለየብቻ ከሚሠሩት ድምር ይበልጣል። ይህን ወንፈል ያዙልኝ፤ ስለ ብርድ ስናወራ እንመለስበታለን።

ዲ-72፦ ዱቄቱን ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ

ይህ የኮዳክ የቆየ ቀመር ነው፤ ዴክቶል በሚል ስም ታሽጎ የሚሸጠውም የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው። ለአንድ ሊትር ወፍራም እንዲህ ነው፦ ሜቶል 3 ግራም፣ ሶዲየም ሰልፋይት 45 ግራም፣ ሃይድሮኪኖን 12 ግራም፣ ደረቅ ሶዲየም ካርቦኔት 68 ግራም፣ ፖታሲየም ብሮማይድ 2 ግራም። በ750 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ትጀምራላችሁ፣ 50 ዲግሪ አካባቢ፣ መጨረሻ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምራችሁ ሊትሩን ትሞላላችሁ።

ቅደም ተከተሉን አትቀይሩት። ሜቶል ሰልፋይት በበዛበት ውሃ ውስጥ አልሟሟም ይላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በጣት ቆንጠር የሚደረግ ሰልፋይት ብቻ፣ ቀጥሎ ሜቶሉ፣ እሱ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ የቀረው ሰልፋይት፣ ከዚያ ሃይድሮኪኖን፣ ከዚያ ሶዳ፣ መጨረሻ ብሮማይድ። አንዱ ሳይሟሟ ሌላው አይገባም። ቀስ ብላችሁ አማስሉት እንጂ እንደ እርጎ አትናጡት፤ መናጥ አየር ያስገባል።

ቴርሞሜትር ከሌላችሁ አንድ ዘዴ አለ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። አንድ እጅ የፈላ በአንድ እጅ የቧንቧ ውሃ ብትቀላቅሉ ከ50 ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ልክ ነው። ባሕር ዳር ዝቅ ስለምትል ውሃው በ94 ገደማ ይፈላል፣ የቧንቧውም ይሞቃል፣ ስለዚህ ቀዝቃዛውን ትንሽ አብዙት።

ለማተም አንድ እጅ ወፍራም በሁለት እጅ ውሃ ታቀጥናላችሁ። በ20 ዲግሪ ፕላስቲክ የተቀባው ወረቀት ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ደቂቃ፣ ተራው ወረቀት ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ወፍራሙ እስከ አፉ በሞላና በተከደነ ጠርሙስ ስድስት ወር ይቆያል፣ ግማሹ በጎደለ ጠርሙስ ሁለት ወር ገደማ። ሳህን ላይ የፈሰሰው ለዚያ ቀን ብቻ ነው። እኔ በአንድ ሊትር የቀጠነ 20 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት ከ20 በላይ አላትምም።

የዲ-72 ትልቁ መልካም ነገር ሲሞት መናገሩ ነው። መጀመሪያ ውሃ ይመስላል፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ ጠላ ይመስላል። ጠላ ሲመስል ድፉት። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ቫይታሚን ሲ ጋ ስንደርስ ዋጋው ይገባችኋል።

ሶዳው፣ ሰልፋይቱ፣ ውሃው

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ሰው የሚሳሳተው ቀመሩ ላይ ሳይሆን እዚህ ነው።

ሶዲየም ካርቦኔት ካጣችሁ ከቤኪንግ ሶዳ ትሠሩታላችሁ። ቤኪንግ ሶዳ አልኩ፤ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው፣ ውስጡ ደረቅ አሲድና ስታርች አለበት፣ አይሆንም። የቤኪንግ ሶዳውን ዱቄት በአሮጌ የብረት ምጣድ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርግታችሁ ታሞቁታላችሁ። ሲሞቅ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ ዱቄቱ እንደ ፈሳሽ ይንተከተካል፤ እናቴ መጀመሪያ ያየች ቀን «ምን ልታፈላ ነው?» ብላ ቆማ አየችኝ። እያገላበጣችሁ መንተክተኩ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም አቆዩት፤ በ200 ዲግሪ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ማለቁን በሚዛን ማወቅ ይቻላል። 100 ግራም ገብቶ 63 ግራም ሲቀር ሥራው አልቋል። 70 ከሆነ ይቀረዋል፣ መልሱት። እንጀራ የሚጋገርበትን የሸክላ ምጣድ ግን አደራ አትንኩ፤ ሶዳው ሸክላው ውስጥ ይገባል፣ ማሰሻውንም ያበላሻል።

የተገዛ ሶዳ ከሆነ ምን ዓይነት እንደሆነ እዩ። ደረቁ ዱቄት ከሆነ 68 ግራም። ውሃ ያዘለው ትልልቅ ክሪስታል ከሆነ በ2.7 ታበዙታላችሁ፣ 184 ግራም ገደማ ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ ክሪስታሉን 68 ግራም የሚጨምር ሰው ዴቨሎፐሩ ይሰንፍበታል፣ ከዚያ ሜቶሉን ይጠረጥራል። የልብስ ኦሞ ደግሞ ሶዳ ቢኖረውም ሳሙና፣ ሽቶና ማንጫ አለበት፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኮስቲክ ሶዳ በጣም የተለየ ነገር ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል፤ በእነዚህ ቀመሮች ውስጥ ቦታ የለውም።

ሰልፋይት ላይ ደግሞ ስሙን ፊደል በፊደል አንብቡ። ሶዲየም ሰልፋይት፣ ሶዲየም ሰልፌት፣ ሶዲየም ሰልፋይድ፤ ሦስቱ በአንድ ሁለት ፊደል ነው የሚለያዩት። ሰልፌት ከሆነ ምንም አይጠቅምም፣ ዴቨሎፐራችሁ በአንድ ቀን ይጠቁራል። እኔ አንዴ ከአንድ ነጋዴ ሰልፋይት ብዬ ጠይቄ ሰልፌት ገዝቼ ተመልሻለሁ፤ ያወቅሁትም ሁለት ሊትር ከቀመምኩ በኋላ ነው። ሰልፋይድ ከሆነ ግን አደጋ ነው። ቆዳ ፋብሪካዎች ጸጉር ለማስለቀቅ የሚጠቀሙበት እሱን ነው፤ አሲድ ሲነካው፣ ለምሳሌ አቼቶ፣ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ጨለማ ክፍል ደግሞ የተዘጋ ክፍል ነው። የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ዱቄት ከሆነ ወደ ቤት አታስገቡት። ትክክለኛው ሰልፋይትም ቢሆን እርጥበት ሲያገኘው ቀስ በቀስ ወደ ሰልፌት ይለወጣል፤ ስለዚህ ክረምት ከመግባቱ በፊት ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አድርጉት።

ውሃ ለዲ-72 የፈላና የቀዘቀዘ የቧንቧ ውሃ ይበቃል። መፍላቱ አየሩን ያስወጣዋል፣ ካልሺየም የበዛበት ከሆነም ከፊሉ ድስቱ ላይ ይቀራል። የክረምት ዝናብ ውሃ፣ መጀመሪያ ጣራውን ካጠበ በኋላ የተጠራቀመና የተጣራ፣ ጥሩ ነው። ጋራዥ አካባቢ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ ከገዛችሁ የተጣራው ውሃ መሆኑን አረጋግጡ፤ በተመሳሳይ ጀሪካን የባትሪ አሲድም ይሸጣል።

ስለ ሚዛን አንድ ቃል። 2 እና 3 ግራምን በሻይ ማንኪያ መገመት አይቻልም። 0.1 ግራም የሚለይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል፤ ከሌላችሁ ወርቅና ብር የሚሠራ ሰው ዘንድ ሄዳችሁ ሜቶሉንና ብሮማይዱን በየ3 እና በየ2 ግራሙ ማስመዘን፣ በትንንሽ ፌስታል አስሮ ማስቀመጥ ይቻላል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት የሠራሁት እንደዚያ ነው።

ቫይታሚን ሲ፦ በወር አንዴ ለሚያትም

ሃይድሮኪኖን ሁሉም ሰው የሚወደው ነገር አይደለም። ስሙን ፊት ከሚያቀሉ ክሬሞች የምታውቁት ትኖራላችሁ፤ ያለ ሐኪም መጠቀሙ ቆዳ ይጎዳል፣ ክሬሙ ራሱም ለፎቶ አይሆንም። እሱን ቫይታሚን ሲ ሊተካው ይችላል። በዲ-72 ላይ ያለውን 12 ግራም ሃይድሮኪኖን አውጥታችሁ 19 ግራም የቫይታሚን ሲ ዱቄት ታስገባላችሁ። ቫይታሚን ሲ አሲድ ስለሆነ ከሶዳው የተወሰነውን ይበላል፤ ስለዚህ ደረቁን ሶዳ ከ68 ወደ 78 ግራም ገደማ ታሳድጋላችሁ። ሶዳውን ስትጨምሩ ይፈላል፣ ጋዝ ነው፤ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ፣ ዕቃው ሰፊ ይሁን።

ሜቶል ቆዳቸውን የሚቆጣባቸው ሰዎች 3 ግራሙን በ0.3 ግራም ፌኒዶን ይተኩታል። አሥር እጅ ያነሰ ማለት ነው። ፌኒዶን በውሃ በቀላሉ አይሟሟም፤ ፋርማሲ ከሚሸጠው አልኮል በጥቂቱ ውስጥ አሟሙታችሁ ብትጨምሩት ይሻላል።

ውጤቱ ንጹሕ ነው። ሳህኑ አይቆሽሽም፣ ጣት አይጠቁርም። ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ይህን አይጠቀምም? ምክንያቱም ሲሞት አይናገርም። ውሃ መስሎ ይቀመጣል፣ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ባዶ ወረቀት ይመልስላችኋል። በተለይ ብረትና መዳብ ትንሽ እንኳ ከገባበት ቶሎ ያልቃል፤ ዝገት ያለው ቧንቧ፣ የብረት ማማሰያ፣ ይህን ሁሉ አይወድም። ለዚህኛው ነው የተጣራ ውሃ የግድ የምለው። አቀማመጡንም ተዉት። በምታትሙበት ቀን የሚበቃችሁን ብቻ ቀምሙ፣ ማታ ድፉ። በወር አንድ ቅዳሜ ለሚያትም ሰው ከዚህ የሚሻል የለም፤ በየሳምንቱ ለሚያትም ግን በየጊዜው መመዘኑ ያሰለቻል።

ከፋርማሲ ክኒን ከገዛችሁ የሚታኘከውን ብርቱካን የሚሸተውን ተዉት፤ ስኳርና ቀለም ነው ያለበት። ውሃ ውስጥ የሚፈላውም ከቫይታሚኑ ይልቅ ሌላው ይበዛበታል። ንጹሕ ዱቄቱን ፈልጉ።

ቡና፦ ለመማር፣ ለሙከራ፣ ለአንዳንድ ፎቶ

ካፌኖል የሚሉት ነው። በ1995 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካ ሮቸስተር ውስጥ የቴክኖሎጂ ተማሪዎችና መምህራቸው ቡናና ሶዳ ደባልቀው ፊልም አጠቡ፤ ቫይታሚን ሲ ኋላ የተጨመረ ነው። የታወቀው መጠን ለአንድ ሊትር ደረቅ ሶዳ 54 ግራም፣ ቫይታሚን ሲ 16 ግራም፣ ኔስካፌ 40 ግራም ነው። ይህ የፊልም ነው። ለወረቀት እኔ ይህንኑ ወስጄ 1 ግራም ፖታሲየም ብሮማይድ እጨምርበታለሁ፣ 24 ዲግሪ አካባቢ ለብ አደርገዋለሁ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ደቂቃ እጠብቃለሁ።

በቡና አገር ተቀምጠን ኔስካፌ መግዛት ያስቆጫል፤ እኔም የዘጌ ቡና ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ በጀበና አፍልቼ ሞክሬያለሁ። ይሠራል። ግን አንዱ ቀን ከሌላው አይገናኝም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ካፌይን አይደለም፣ ካፌይክ አሲድና ዘመዶቹ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ቡናው በተቆላ ቁጥር ይቀንሳሉ። እኛ እንደምንወደው ጠቆር አድርጎ የተቆላ ቡና ለመጠጥ ጥሩ ነው፣ ለፎቶ ይሰንፋል። ከጀበና መሄድ ከፈለጋችሁ ገና መቅላት ሲጀምር አውርዱት፣ በጣም አወፍሩት፣ በደንብ አጥሉት፤ አተላው ወረቀቱ ላይ ነጥብ ይሆናል። ሽታው ግን የቡና ሥርዓት ሽታ እንዳይመስላችሁ። ሶዳ ሲገባበት ይከፋል፣ መስኮት ያስፈልጋል።

ዋናው ጉዳይ ቀለሙ ነው። ቡና ወረቀቱን ያቀልመዋል፤ ነጩ ክሬም ይሆናል፣ ፕላስቲክ በተቀባው ወረቀት ላይ ትንሽ፣ ተራው ወረቀት ላይ ብዙ። ለአንዳንድ ፎቶ ይህ ውበት ነው። የአያቴን የድሮ ኔጌቲቭ በቡና አትሜ፣ ነጠላዋ ላይ ያ ፈዛዛ ቡናማ ሲያርፍ፣ ለእኔ ትክክለኛው እሱ ነበር። ለሰርግ ፎቶ ግን ቬሎው ነጭ ካልሆነ ማን ይቀበላችኋል? ጨለማ ክፍል ሥራ ለልጆች ለማሳየት ለሚፈልግ መምህር ደግሞ ከቡና የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም፤ ሜቶልና ሃይድሮኪኖን የሌለበት፣ ቀይ አምፖል ስር ምስል ሲወጣ የሚያሳይ ነገር ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ

አንስኮ 130 የሚባለውን ብዙ ሰው ያደንቀዋል፤ ጠርሙስ ውስጥ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ግራጫው የሚያምር ነው። ግላይሲን የሚባል ዱቄት ይፈልጋል፤ ውድ ነው፣ ራሱ ዱቄቱም ሲያረጅ ይበላሻል። ለእኛ ላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ነው። አንስኮ 120 ደግሞ ሜቶል ብቻ ነው፣ 12.3 ግራም በሊትር፤ ንፅፅሩ በጣም ለከረረ ኔጌቲቭ ለስላሳ ፎቶ ይሰጣል። የቀትር ፀሐይ ላይ የተነሳ፣ ሰማዩ የነጣ ፊቱ የጠቆረ ኔጌቲቭ ካላችሁ እንድታስታውሱት ነው ያነሳሁት፤ በአንድ ጊዜ ግን ብዙ ሜቶል ይበላል። ከምድጃ አመድ ላይ ውሃ አጥልሎ የሚገኘውም ፖታሲየም ካርቦኔት ነው፣ በሐሳብ ደረጃ ሶዳን ይተካል፤ ጥንካሬው ግን እንደ እንጨቱ ስለሚለያይ ወረቀት አላባክንበትም።

ብርዱና ሙቀቱ

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር። ሃይድሮኪኖን ብርድ አይችልም። ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይደነዝዛል፣ 12 ላይ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል። ሜቶል ግን ይሠራል። ስለዚህ ወንፈሉ ይፈርሳል፤ አንዱ ማሳ ላይ ብቻውን ይቀራል። ምስል ይወጣል፣ ጥቁሩ ግን አይመጣም። የሐምሌ ፎቶዎቼ ግራጫ የሆኑት በዚህ ነው። ጊዜ ብጨምርም፣ ብርሃን ብጨምርም መፍትሔ አልነበረውም።

የደብረ ማርቆስ፣ የደምበጫ፣ የጮቄ ዙሪያ ሰዎች፣ ቀመር ከመቀየራችሁ በፊት ሳህኑን አሙቁት። ትልቅ ሳፋ ውስጥ 26 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ አድርጉ፣ የዴቨሎፐሩን ሳህን እሱ ላይ አስቀምጡ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ከፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ሳፋው ላይ ጨምሩ። ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ አይሆንም፤ ከሰል ብርሃን አለው፣ በተዘጋ ክፍል ደግሞ ጭሱ ይገድላል።

የባሕር ዳርና የዓባይ በረሃ ዳር ሰዎች ችግራቸው ተቃራኒ ነው። በ28 ዲግሪ ምስሉ በአምስት ሰከንድ ብቅ ይላል፣ ወረቀቱ እኩል ሳይርስ፤ ስለዚህ መስመር ይሠራል። ጓደኛዬ አሁን አንዱን እጅ በአራት እጅ ውሃ ያቀጥናል፣ ብሮማይድ ትንሽ ይጨምራል፣ ከምንም በላይ ደግሞ ሌሊት ያትማል። ሌሊት ክፍሉም ይጨልማል፣ ውሃውም ይበርዳል።

ሙቀቱን ልክ ማድረግ ካልቻላችሁ ምስሉ ሲወጣ ሰዓት ያዙ። 20 ዲግሪ ላይ የመጀመሪያው ጥቁር በ12 ሰከንድ ታይቶ 90 ሰከንድ ካቆያችሁ፣ ያ ሰባት እጅ ተኩል ነው። በ17 ዲግሪ በ18 ሰከንድ ከታየ በሰባት ተኩል አብዙት፣ 135 ሰከንድ አቆዩ። ከ15 በታች ግን ይህም አያድናችሁም።

እንግዲህ የትኛው?

በሳምንት አንዴም ቢሆን የምታትሙ፣ ሜቶልና ሃይድሮኪኖን የሚያመጣላችሁ ሰው ያላችሁ፣ ዲ-72። ሳታመነቱ። ለደንበኛ የምትሠሩ ከሆነም እሱ፤ ዛሬ የወጣው ከወር በኋላ ከሚወጣው ጋር ይመሳሰላል። በወር አንዴ የምታትሙ፣ ወይም ሃይድሮኪኖን በቤታችሁ እንዲኖር የማትፈልጉ፣ ቫይታሚን ሲ። ምንም የሌላችሁ፣ ግን ወረቀት፣ ሃይፖ (ፊክሰር የሚሆነው ዱቄት) እና ፍላጎት ያላችሁ፣ ቡና፤ ከዚያ በኋላ ሜቶሉን ታስመጣላችሁ። የታሸገ ዴክቶል በደህና ዋጋ ከተገኘም ግዙት፤ ሚዛን የሌለው ሰው ከሚገምት የታሸገውን ቢጠቀም ይሻላል።

ሁለት ነገር ግን ከየትኛውም ጋር አይቀየርም። ማቆሚያው፣ የዴቨሎፐሩን ሥራ የሚያስቆመው፣ አቼቶ ነው፤ የተለመደው 5 ከመቶ የሆነው አንድ እጅ በአራት እጅ ውሃ። ፊክሰሩ፣ ምስሉ በብርሃን እንዳይለወጥ የሚያጸናው፣ ሃይፖ ነው፣ ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ እሱን ከኩሽና የሚተካ የለም፤ ገንዘብ ካነሳችሁ ከሁሉ በፊት እሱን ግዙ።

እጃችሁን ደግሞ ጠብቁ። ሜቶል አንዳንድ ሰው ላይ ማሳከክና ሽፍታ ያመጣል፣ አንዴ ከጀመረ ደግሞ በትንሹም ይነሳል። ጓንት አድርጉ፣ ወረቀቱን በመቆንጠጫ ያዙ፤ ዱቄት ስትመዝኑ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የቀመማችሁበት ጆግና ማንኪያ ወደ ኩሽና አይመለስም። ዕቃው ፕላስቲክ ወይም ብርጭቆ ይሁን፤ ሶዳ አሉሚኒየም ድስት ይበላል። በሃይላንድ ጠርሙስ የምታስቀምጡ ከሆነ ጨምቃችሁ አየሩን አስወጡና ክደኑ፤ ግን ልጅ ውሃ መስሎት እንዳያነሳው የተለጠፈበትን የውሃ ስም ላጡ፣ በቀይ ቀለም ዙሪያውን ጻፉበት፣ ቆልፉበት። እኔ ፋርማሲ የሚጥሉትን ቡናማ የሽሮፕ ጠርሙስ እመርጣለሁ፤ ትንንሽ ስለሆኑ አንዱን ከፍቼ እጨርሳለሁ፣ ሌላው አየር ሳይገባው ይቆያል።

ያለቀ ፊክሰር ብር አለበት፤ ጣናም ሆነ ጅረት፣ የውሃ ጉድጓድ አጠገብም ቢሆን አይደፋም። እኔ በጀሪካን አጠራቅማለሁ። ዴቨሎፐሩን በብዙ ውሃ አቅጥኜ ከጉድጓድ ርቆ ወዳለ ማስረጊያ እደፋለሁ።

አዲስ በቀመማችሁ ቀን የወረቀት ብጣሽ በመብራት አጋልጡና አዲሱ ዴቨሎፐር ውስጥ ክተቱት። ጥቁር ለመሆን የፈጀበትን ሰከንድ ከቀኑ ጋር ጠርሙሱ ላይ ጻፉት፤ «ጥቅምት 12፣ ዲ-72፣ 11 ሰከንድ» ብላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ኔጌቲቩን ማጉያው ላይ ከማድረጋችሁ በፊት ያንኑ ብጣሽ ሙከራ ድገሙት። 22 ካለ፣ ወይ በርዷል ወይ አርጅቷል። መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን እዩ።